ቫይማር ከተማ፦ የሪፐብሊኩን ታሪክ በእግር መጎብኘት

ባለፈው ቅዳሜ ከፍራንክፈርት በባቡር ቫይማር ሄጄ ነበር። ስለ ቫይማር ሪፐብሊክ፣ ማለትም ከ1919 እስከ 1933 ስለነበረው የጀርመን ዴሞክራሲያዊ መንግሥት፣ የሚያስረዳ የእግር ጉብኝት አለ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ በጀርመንኛ ነው። ጀርመን የምትኖሩ ሁሉ ሂዱ እላለሁ። አንድ ትልቅ ቅሬታ አለኝ፣ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

የሚጀመረው ብሔራዊ ቲያትር ቤቱ ፊት ለፊት፣ ገጣሚዎቹ ጎተና ሺለር ከቆሙበት ሐውልት ሥር ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። አስጎብኚያችን ወደ ሕንፃው አዞረችን። በፌብሩዋሪ 1919 በርሊን ገና አልተረጋጋችም ነበርና አዲስ የተመረጠው ጉባኤ የተሰበሰበው እዚህ ነው። ኮርቻ ሠሪ የነበረው ፍሪድሪሽ ኤበርት ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ሕገ መንግሥቱም የጸደቀው እዚሁ ነው። ሴቶች መጀመሪያ ጊዜ ድምጽ ሰጥተው 37 ሴቶች ተመርጠዋል። ማሪ ዩኻች ፌብሩዋሪ 19 ተነስታ «ክቡራንና ክቡራት» ብላ ስትጀምር አዳራሹ ሳቀ፣ ክቡራት የሚለውን እዚያ ሰምቶት አያውቅማ። ይህን በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ከቦርሳዋ የ1923 የማርክ ኖት አውጥታ እጃችን ላይ አስቀመጠች። ከጦርነቱ በፊት አንድ ዶላር 4.2 ማርክ ነበር፣ በኖቬምበር 1923 ግን 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደረሰ። ዕድሜውን ሙሉ ለጡረታ ያጠራቀመ ሰው ቁጠባው ዓይኑ እያየ በነነ። ወረቀቱን ስትይዙት ነገሩ ይገባችኋል።

መቃብር ስፍራውም ጥሩ ነው። በ1920 ቀኝ አክራሪው ካፕ ሪፐብሊኩን ለመገልበጥ ያደረገውን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲቃወሙ ለተገደሉ ሠራተኞች ዋልተር ግሮፒየስ የነደፈው ሐውልት እዚያ ቆሟል። ናዚዎች አፍርሰውት በ1946 እንደገና ተሠራ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከ1923 በኋላ ያለው በአምስት ደቂቃ አለቀ! «ከዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፣ ሂትለርም ተመረጠ» አለችን። እንዲህ አይደለም የሆነው። ናዚዎች በ1928 ምርጫ 2.6 በመቶ፣ 12 መቀመጫ ብቻ ነው ያገኙት፤ የዋጋ ንረቱ ካለፈ አምስት ዓመት ሊሆነው። ሪፐብሊኩ መታመም የጀመረው በማርች 1930 ጥምር መንግሥቱ በሥራ አጥነት መድን መዋጮ ተጣልቶ ሲፈርስ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲሱ ቻንስለር (የመንግሥት መሪ) ብሩኒንግ የፓርላማ አብላጫ ሳይኖረው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48፣ በፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ፊርማ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አገር መራ፣ ሰዉም ያለ ፓርላማ መገዛትን ለመደው። በ1932 መጀመሪያ ሥራ አጡ ስድስት ሚሊዮን ደርሷል። በጁላይ ናዚዎች 37 በመቶ አገኙ፣ በኖቬምበር ወደ 33 ወረዱ። እየወረዱ ሳለ ነው እነ ቀድሞው ቻንስለር ፎን ፓፐን «እንይዘዋለን» ብለው ሽማግሌውን ሂንደንቡርግ አግባብተው በጃንዋሪ 30፣ 1933 ሂትለርን ቻንስለር ያስደረጉት። ማርች 23 ላይ ፓርላማው ሥልጣኑን በ444 ድምጽ አስረከበው። 94 ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ እንቢ አሉ፣ መሪያቸው ኦቶ ቬልስ ውጭ ታጣቂ እየጮኸበት ተነስቶ ተናገረ። እነዚህን ሰዎች ሳይጠሩ ማለፍ ያሳዝናል።

ሌላም አለ። ናዚዎች በጁላይ 1926 ጉባኤያቸውን ያካሄዱት እዚያው ቲያትር ቤት ውስጥ ነው። በጃንዋሪ 1930 ደግሞ የመጀመሪያው ናዚ ሚኒስትር ፍሪክ ሥልጣን የያዘው እዚህ ቫይማር፣ በቱሪንገን ክፍለ ሀገር መንግሥት ውስጥ ነው። በሩ ላይ ቆመን ነበር እኮ!

ሲያልቅ ቀረብ ብዬ ጠየቅኳት። ሰዓት አይበቃኝም ብላ ሃያ ደቂቃ ቆማ አስረዳችኝ፣ ሁሉንም ታውቀዋለች። ስለዚህ ስትሄዱ ገና በጅምሩ፣ ሐውልቱ ሥር እያላችሁ፣ ስለ 1930 ጠይቋት። ምቹ ጫማ አድርጉ፣ መንገዱ ድንጋይ ነው።