የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፣ የሽሮ ሜዳውን ጋሼ ሳታገኙ የድምፅ ፈተና እንዳትገቡ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ቃለ ምልልስ ልትቀዳ ቢሮዬ መጣች። መቅረጫዋን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ተነስቼ ቬንትሌተሩን አጠፋሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋሁ፣ ስልኬንም ከክፍሉ አስወጣሁ። ልጅቷ ገረማት። «እርስዎ ሬዲዮ ሠርተዋል እንዴ?» አለችኝ።

አልሠራሁም። አንድ ቀን እንኳ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጥሬ አላውቅም። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እኚህን ሰው በአደባባይ አመስግኛቸው እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ «ስሜን ለጥፈሽ ሰው እንዳትሰበስቢብኝ» ብለውኛል። ሰፈሩ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጠኝነትና ኮሙዩኒኬሽን የተማርኩት በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2010 ተመረቅኩ። ያኔ ትምህርቱ 3 ዓመት ነበር። አሁን ፍሬሽማን ተጨምሮበት 4 ሆኗል፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለበት። ትምህርቱን አላማም። የተገለበጠውን ፒራሚድ (ዋናውን ነገር ከላይ የሚያስቀድመውን የዜና አጻጻፍ)፣ የሚዲያ ሕጉን፣ ማን ምን የት መቼ ለምን እንዴት የሚለውን በደንብ ተምረናል። ስም ማጥፋትና ትችት የት ላይ እንደሚለያዩ ያስተማረን መምህር ዛሬም ባለውለታዬ ነው። ችግሩ ስቱዲዮው ነበር። ለ60 ተማሪ አንድ ስቱዲዮ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ፣ ሰውየው ደግሞ ሁሌ ስብሰባ። በ3 ዓመት ውስጥ ማይክ ፊት የተቀመጥኩት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ለፎቶ ነበር።

ተመርቄ አዲስ አበባ፣ አክስቴ ቤት ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጣቢያ የሪፖርተር ቅጥር ማስታወቂያ አወጣ። የጽሁፍ ፈተናውን አለፍኩ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎምና ከረጅም መግለጫ ዜና ማውጣት ነበር። ከዚያ ለድምፅ ፈተና ተጠራሁ። በሰጡኝ ወረቀት ላይ፣ ሦስተኛው መስመር፣ «የዋና ፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ» ይላል። ሁለቱንም «ዋና» አጥብቄ አነበብኳቸው። ውኃ ላይ የሚዋኘው ላልቶ፣ ጸሐፊው ደግሞ ጠብቆ መነበብ ነበረበት። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ልጅ አፉን ይዞ ሳቀ። እኔ ሳቁን ሳይ ባሰብኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ መንኮሻኮሽ ጀመረ፣ ትንፋሼ ከድምፄ በላይ ተሰማ። «እንደውልልሻለን» ተባልኩ። እስከዛሬ አልተደወለም።

አክስቴ ጋ ቡና ሊጠጣ የሚመጣ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው ታሪኬን ሰምቶ «እኛ ጋ አንድ የሬዲዮ ሰው አሉ። ድምፅ ሲቀዱ ሥራ አቁሙ እያሉ መከራችንን ያበሉናል» ያለኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

ክፍሏ ሦስት በሦስት ብትሆን ነው። ግድግዳዋ ሙሉ በሙሉ ጋቢ ለብሷል፣ በሩም ጭምር። ስፖንጅ የለም፣ የእንቁላል ካርቶን የለም። ከጎረቤት ሸማኔዎች የተገዛ ጋቢ ብቻ። አንድ ማይክ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ እርሳስ። ከግድግዳው ማዶ የሽመናው ምት ቀጭ ቀጭ ይላል። ጋሼ ግድግዳውን ሦስቴ ሲያንኳኩ ምቱ ይቆማል። ሁለቴ ሲያንኳኩ ይቀጥላል። የጋራ ሕጋቸው ነው።

ጋሼ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበሩ። ሙያውን የለመዱት በደርግ ዘመን፣ ከብሥራተ ወንጌል ከቀሩ ባለሙያዎች እጅ ነው። ለማታውቁት፣ ብሥራተ ወንጌል በ1955 ሥርጭት የጀመረ የሉተራውያን ጣቢያ ነበር፤ በ1969 ደርግ ወረሰው። በዚያ ጊዜ ኤዲቲንግ ማለት ምላጭ ነው። ቴፑ የተጠቀለለበትን ሪል በእጅ ወደፊት ወደኋላ እያሉ ቃሉን ያድኑታል። ሲያገኙት ቴፑ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። ሰያፍ አድርገው ይቆርጡታል፣ በማጣበቂያ ይገጥሙታል። «እናንተ ስህተታችሁን በአንድ ቁልፍ ትመልሱታላችሁ። የእኛ ስህተት ወለሉ ላይ ወድቆ ይታይ ነበር» ይላሉ።

የመጀመሪያ ቀን ምንም አላስተማሩኝም። ያንኑ ዜና አስነበቡኝ፣ ቀዱት፣ «ዓይንሽን ጨፍኚና ስሚው» አሉኝ። ሰማሁት። ስድስት ደቂቃ የፈጀ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሲያልቅ «ይቺ ልጅ ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። የራሴን ዜና መልሼ መናገር አቃተኝ።

ከዚያ እርሳሱን ሰጡኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፣ አንባቢው በራሱ ማወቅ አለበት። የጋሼ ዘዴ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ አንድ ነጥብ መጣል ነው። ማለማመጃቸው ሦስት ቃል ናት፤ «ገና ገና ነው»። የመጀመሪያው በዓሉ ነው፣ ይጠብቃል። ሁለተኛው አልደረሰም የሚለው ነው፣ ይላላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህችን ብቻ አስባሉኝ። ቀጥሎ «ድርጅቱን ይከሳል» መጣ። «አላልተሽ ካነበብሽው ሰውየው ፍርድ ቤት መሄዱ ቀርቶ ይቀጥናል» አሉና ራሳቸው ሳቁ። እስከዛሬ ንግግር ሲሰጠኝ፣ ትልቅ ሰው እንኳ የሚያነበው ቢሆን፣ ነጥቤን ሳልጥል አላሳልፍም።

ሌላውን በአጭሩ ልበል። ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቅ፣ ትንሽም ወደ ጎን። ዜና ያለ ፖሊስ፣ ያለ ፓርላማ፣ ያለ ፕሬዚዳንት የለም፤ ሦስቱም ፊት ለፊት ከተባሉ ማይኩን ይደበድቡታል። ወረቀት በስቴፕለር አይመታም፣ አንዱ ከሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገርም። ቁጥር ይጠጋጋል። 1,248,600 ብር የሚለውን «ከ1 ሚሊዮን 2 መቶ ሺህ ብር በላይ» አድርገው አስጻፉኝ፤ ጋዜጣ አንባቢ ወደኋላ ይመለሳል፣ ሬዲዮ የሚሰማው ሰው ግን ሽንኩርት እየከተፈ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ግን አስቀየሙኝ። «አንቺ የዜና አንባቢ አትሆኚም» አሉኝ ፊት ለፊት። «ግን ሌላው ሲሳሳት ቀድመሽ ትሰሚያለሽ። መግለጫ ስትጽፊ ደግሞ አታንዛዢም። ህዝብ ግንኙነት ሞክሪ፣ እሱም እንጀራ ነው።» ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ህዝብ ግንኙነት ለእኛ ለተመራቂዎቹ የተሸናፊ ሥራ ይመስለን ነበር፤ ባነር መስቀልና የአለቃ ፎቶ ማንሳት።

ብዙ ተማሪ ይህን ስለሚጠይቀኝ ከእኛ ባች ማን የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። ዜና የሚያነበው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሦስቱ ወረዳ ኮሙዩኒኬሽን ገብተው በቀን አራት ጊዜ «ተገለጸ» የሚል ዜና ይጽፋሉ። ሁለቱ የእርዳታ ድርጅት ኮሙዩኒኬሽን ኦፊሰር ሆነዋል፤ እንግሊዝኛቸው ነው ያስገባቸው። አንዷ ባንክ ማርኬቲንግ ናት። አንዱ ካሜራ ገዝቶ ሠርግ ይቀርጻል፣ ከሁላችንም የተሻለ የሚያገኘውም እሱ ነው። አንዱ ማስተርሱን ይዞ ያስተምራል። የቀሩት ከሙያው ወጥተዋል።

እኔ የጋሼን ምክር በኩርፊያም ቢሆን ሰማሁ። ዛሬ የአንድ መንግሥት ተቋም ህዝብ ግንኙነት ነኝ። አዋጅ 590/2000 መረጃ ለጠየቀ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ስጡ ይለናል። ጋዜጠኛ 30 ቀን ከጠበቀ ግን ዜናው ይሻግታል። ስለዚህ ኃላፊውን አስቀምጬ የ40 ሰከንድ ንጹህ ድምፅ በዕለቱ ቀድቼ እልካለሁ። ጋዜጠኞቹ የሚወዱኝ ለዚህ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

አሁን ወደ ጥቆማው። ለድምፅ ፈተና የምትዘጋጁ፣ ዴሞ (የድምፅ ናሙና) የምትቀዱ፣ ወይም የቢሮ ሥራ ላይ ሆናችሁ መግለጫ ማንበብ የሚያስጨንቃችሁ፣ ጋሼ ጋ ሂዱ። ዋጋው ከሌላ ስቱዲዮ ጋር ሲወዳደር ርካሽ ነው። ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ መታወቂያ አይታ የምትቀንስ ልብ አላቸው። ግን ጉዳቸውንም ልናገር። አያሞግሱም። በጣም ጥሩ ስትሆኑ የሚሉት «ይሁን» ነው። ቴሌግራም አይጠቀሙም፣ ሥራችሁን በፍላሽ ነው የምትወስዱት። መብራት ከጠፋ ቀጠሮው ለነገ ነው፣ መጨቃጨቅ አያዋጣም። በዓል ቀን አይሠሩም፣ የበዓሎቻቸው ቁጥር ደግሞ ብዙ ነው። ሙዚቃና የሠርግ ቪዲዮ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ በር ላይ ይመልሷችኋል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ መንደሩ ይንጫጫል። እርሳስ ከነላጲሱ ያዙ። ጨርሳችሁ ስትወጡ ደግሞ ጎን ያሉትን ሸማኔዎች ሰላም በሏቸው። ለእናንተ ሲሉ ነው ሥራ ያቆሙት።