ከፍሪጅ ውስጥ የበቀለው ዛፍ፤ ለችግኝ አፍዪው አባታችን ምስጋና

ጅማ ውስጥ ግቢያችሁ ዛፍ ለመትከል ካሰባችሁ፣ አዌቱ ወንዝ አካባቢ ችግኝ የሚያፈሉትን አባት ሳታማክሩ አትቆፍሩ። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አባባ እያልኩ ልቀጥል።

ወንድሜ የሚኖረው ካናዳ ነው። በስልክ በተያዩ ቁጥር እናቴ ከመስኮቱ ባሻገር የምታየው አንድ ዛፍ አለ። ሜፕል ይባላል፤ የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ቅጠል የእሱ ነው። በኛ ጥቅምት ቅጠሉ እንደ ደመራ እሳት ይቀላል። እማዬ "ደጄ ላይ ባየው ልጄ አጠገቤ ያለ ይመስለኝ ነበር" ትል ነበር። ለገና ሲመጣ የስኳር ሜፕል ዘር ይዞላት መጣ፤ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱን አስጨርሶ። ዘሩ ክንፍ አለው። ሲለቁት እየተሽከረከረ ይወርዳል።

ግማሹን ወዲያው ዘራነው። ሁለት ወር ውሃ አጠጣን፤ ምንም የለም። አንድ ሻጭ ደግሞ ካለ ማዳበሪያ አይበቅልም ብሎ ሸጠልኝ። አሁንም ምንም።

አባባ ቀሪውን ዘር መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። "ኢንታላ ኮ (በኦሮምኛ 'ልጄ' ማለት ነው)፣ ይሄ በሀገሩ በረዶ ስር ነው የሚከርመው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ተኝቷል። ብርድ ካላየ አይነቃም። የፖም ዘርም ጠባዩ እንዲሁ ነው።"

ከዚያ በእጃቸው አሳዩኝ። ዘሩን አንድ ቀን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። የታጠበ አሸዋ ማርጠብ፤ ሲጨብጡት ውሃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። ሁለቱን ቀላቅሎ በላስቲክ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ፤ በረዶ የሚሠራው ክፍል ግን አይደለም፣ አትክልት የሚቀመጥበት ጋ። ሦስት ወር። በየሳምንቱ ከፍቶ ማናፈስ፣ የሻገተውን ማውጣት። ቤተሰቡ ሁሉ "አሸዋ ከጎመን ጋር?" እያለ ጉድ አለ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ከረጢቱን ስከፍት ነጭ ሥር ብቅ ብሏል። እማዬ እልል አለች። ከ11 ዘር 4ቱ በቀሉ።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ለሚቀጥለው ነው። ደስ ብሎኝ አራቱንም መሬት ላይ ልተክል ስል ከለከሉኝ። ጅማ ዝናብ እንጂ በረዶ የላትም። ሜፕል በየዓመቱ ብርድ ላይ ቅጠሉን አራግፎ ማረፍ የለመደ ዛፍ ነው፤ እዚህ ይጠንክር አይጠንክር ማረጋገጫ አልሰጥሽም አሉኝ። ለጊዜው በትልቅ ማሰሮ፣ ከቀትር ፀሐይ ከልዬ እንዳቆየው መከሩኝ። ለመሬቱ "ዋንዛ ትከይ" አሉ። አበባው ነጭ፣ ንብ የሚወደው፣ ለቡናችን ጥላ፣ የጅማ በርጩማም የሚጠረበው ከእሱ ነው።

ሐምሌ ላይ ዋንዛውን ራሳቸው መጥተው ተከሉልን። ጉድጓዱ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ጥልቀት። የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጠው መጀመሪያ እሱን መለሱት። ከቤቱ ግድግዳም በደንብ አራቁት። ችግኙን ላስቲኩን ቀደው ነው ያወጡት፤ ስንቱ ሰው ከነላስቲኩ እንደሚቀብር ሲያወሩ ያዝናሉ። ከችግኙ ዋጋ ሌላ አንድ ብር አልተቀበሉኝም።

ልታገኟቸው የምትፈልጉ ጠዋት ሂዱ፤ ዓርብ ከሰዓት በጁምዓ ምክንያት አይኖሩም። የግቢያችሁን አፈር ትንሽ በፌስታል ያዙላቸው፤ አይተው ነው የሚመክሩት።

አባባ፣ እድሜ ይስጥልን። ማሰሮው ውስጥ ያለው ትልቁ ሦስተኛ ጥንድ ቅጠሉን አወጣ። እማዬ በየማለዳው ለወንድሜ በስልክ ታሳየዋለች።