አሞካሪስ፣ አማሪለስ ወይስ ስካዶክሰስ? ለአዲስ አበባ ዙሪያ ግቢ የትኛው ይሻላል?

ስለ አሞካሪስ አበባ «የበረሃ ነው፣ ውኃ እንኳ አይፈልግም» ሲባል ልቡ የማይሸፍት አበባ ወዳድ የለም። በተለይ ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው የለገጣፎ፣ የሱሉልታ ወይም የሰበታ ሰው። ችግሩ እኛ ጋ እንደ ሦስቱ አበቦች ከመሬት ሥር ሽንኩርት የመሰለ ራስ ያለውን ተክል የሚጨርሰው የሐምሌና የነሐሴ ጭቃ መሆኑ ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አፈራችሁን እዩ።

እውነተኛው የበረሃ ልጅ አሞካሪስ ቲኔያና ነው። ከሀገራችን ደቡባዊ ቆላ ጀምሮ በኬንያ በኩል እስከ ናሚቢያ ይበቅላል። ቅጠሎቹ እንደ ማጭድ ጎብጠው ግራና ቀኝ መሬት ላይ ይተኛሉ። ዝናብ ሲያገኝ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ሮዝ አበባ በእቅፍ ያወጣል፤ ሽታውም ደስ ይላል። በበጋ ቅጠሉ ይደርቃል። በሚቀጥለው ዝናብ ያው ቅጠል ከሥር እየተገፋ እንደገና ይረዝማል። ጫፉ ግን ዓምና የደረቀው ስለሆነ የተቆረጠ ይመስላል። ይህን አይቶ «ታሟል» ብሎ ጥሎት የሚሄድ ገዢ አለ። አልታመመም፣ ጠባዩ ነው።

ዋልካ አፈር ላይ በቀጥታ ከተከላችሁት ግን ክረምቱን አይወጣም። ቆላው ዝናብ የሚያየው አልፎ አልፎ ነው፤ አዲስ አበባ ዙሪያ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም። ሰፊና ታቹ የተበሳ የሸክላ ማሰሮ አዘጋጁለት። ግማሹን ሻካራ አሸዋ ወይም ሬድ አሽ አድርጉ፤ የሽንኩርቱ አንገት ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን። ክረምቱን በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኝበትና ዝናብ በማይመታው ቦታ ይክረም። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ ባትገዙት እመክራለሁ። ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው፣ ሲሞት ያሳዝናል።

አማሪለስ ተብሎ የሚሸጠው ሂፒያስትረም ለጀማሪ ይሻላል። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ረጅም አገዳ ላይ ትልልቅ ቀይ፣ ነጭ ወይም ሮዝ አበባ ያወጣል። ከጎኑ ልጆች፣ ማለትም ትንንሽ ሽንኩርቶች፣ ስለሚያፈራ ጎረቤት ካለው ለምናችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። የሽንኩርቱን አንድ ሦስተኛ ከአፈር በላይ ተዉት። እሱም ውኃ የተኛበት ቦታ አይወድም፤ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ ከተከላችሁት ግን ብዙ አያስቸግርም። ለአብዛኛው ግቢ የኔ ምርጫ ይሄ ነው።

ግቢያችሁ ዛፍ ካለውና ጥላ ከሆነ ስካዶክሰስን አስቡ። የአፍሪካ ነው፣ በሀገራችንም በዱር ይበቅላል። አበባው ክብ ቀይ ኳስ ነው፤ አንዱ ኳስ እስከ 200 ትንንሽ አበቦች ሊይዝ ይችላል። በበጋ ቅጠሉ ጠፍቶ ሽንኩርቱ ይተኛል፤ ያኔ ውኃ አታብዙበት።

ስትገዙ ሽንኩርቱን በእጃችሁ ያዙት። ከበድ ያለና ጠንካራ ይሁን። ታቹን፣ ሥር የሚወጣበትን ክብ ቦታ፣ በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ከሰረጎደ ወይም ከሸተተ በስብሷል፣ ተዉት። አማሪለስ ላይ ቀይ ሰንበርና ቁስል ካያችሁ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ከጤነኞቹ ጋር አትቀላቅሉት። አሞካሪስ ከሆነ ደግሞ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከቆላ ተነቅሎ፣ ወፋፍራም ሥሮቹ ተቆርጠው የመጣ ከሆነ ቶሎ አያገግምም፤ የዱሩም ቦታ ይራቆታል። ሻጩ ራሱ ከዘር ያበቀለው ትንሽ ሽንኩርት ቢሆን ይሻላል፣ አበባ እስኪያሳይ ዓመታት ቢያስጠብቅም። ዘር ከሰጧችሁ ወዲያው ዝሩት። ሥጋማ ስለሆነ ውኃ ሳይነካው መሳቢያ ውስጥ እንኳ ይበቅላል። የአማሪለስ ዘር ግን ጠፍጣፋና ጥቁር ነው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ።

ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሦስቱም መርዝ አላቸው። ሽንኩርቱ የወጥ ሽንኩርት ስለሚመስል ኩሽና አጠገብ አታስቀምጡት። ሕፃን፣ ውሻ ወይም በግ ያለበት ግቢ ከሆነ አጥር ሥር፣ ከማይደረስበት በኩል ትከሉት። ለመግዛት ጥሩው ጊዜ ጥርና የካቲት ነው፤ ዝናቡ ሳይመጣ ሥር የሚይዝበት ጊዜ ያገኛል።