ኦፒኔል ወይስ ቪክቶሪኖክስ? አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ኪስ ለሚገባ ሰንጢ

ሰንጢ የሚወድ ሰው ባለበት ሁሉ «አንድ ብቻ ልግዛ ብል የትኛው ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል። መልሱን ከፊት እናስቀምጠው፤ ኦፒኔል ቁጥር 8 (ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚያሳየው)፣ ያውም ካርቦን ብረቱ፣ ማለትም የማይዝግ ካልሆነው ብረት የተሠራው። ቪክቶሪኖክስ፣ ብዙ መሣሪያ በአንድ ላይ የያዘው የስዊሱ ሰንጢ፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ዋጋው የሚቀለው፣ ሲበላሽም እዚሁ ቤት ውስጥ በአሸዋ ወረቀትና በፒንሳ የሚስተካከለው የእንጨት እጀታ ያለው የፈረንሳዩ ሰንጢ፣ ኦፒኔል፣ ነው። ለገሃርና ስታዲየም አካባቢ ሱቅ በደረቴዎች ከጥፍር መቁረጫና ከእጅ ባትሪ ጋር ደርድረው የሚያዞሩት ባለ ቀይ ፕላስቲክ የቪክቶሪኖክስ ፎርጅድ ከምርጫው ውስጥም መግባት የለበትም።

ከዋጋው እንጀምር። አውሮፓ ውስጥ ኦፒኔል ቁጥር 8 የሚሸጠው 15 ዩሮ አካባቢ ነው። የቪክቶሪኖክሱ ስፓርታን፣ ሁለት ስለት፣ የቆርቆሮና የጠርሙስ መክፈቻ፣ የቡሽ መንቀያ ያለው፣ ከ30 ዩሮ በላይ ይሄዳል። በአሉሚኒየም የተለበጠው የዚያው ድርጅት ፓዮኒር ከዚያም ይወደዳል። እናም ሻጭ ዋጋ ሲጠራ መጀመሪያ የዕለቱን የባንክ የዩሮ ምንዛሪ በ15 ወይም በ30 አባዙ። የሚመጣው ቁጥር መነሻ ነው። አምጪው የሻንጣ ቦታውንና ትርፉን ጨምሮ የመነሻውን አንድ ተኩል እጥፍ ቢጠይቅ ያስኬዳል። ሁለት እጥፍ ካለፈ ጥላችሁ ሂዱ። ከመነሻው ግማሽ በታች ከተጠራ ደግሞ ዕቃው ኦርጅናል አይደለም፤ በኪሳራ የሚሸጥላችሁ ሰው የለም። «ድሮ በድሮው ዶላር የገባ ነው» የሚለውን ወሬም አትስሙ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ የቆየ ዕቃውን በቆየ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ አይገኝም።

ከሁሉ የሚረክሰው ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ማስያዝ ነው። ሲያዝዙ አንድ ነገር አስረግጣችሁ ንገሩት፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። በእጅ ቦርሳ ከያዘው ገና ሲነሳ ፍተሻ ላይ ይወሰድበታል፣ ገንዘቡም አብሮ ይቀራል።

ፎርጅዱን መለየት አስቸጋሪ አይደለም፤ የሚያሳስተው ሰው የሚመካበት መፈተኛ ነው። መርካቶ ውስጥ ማግኔት አስጠግቶ «ያዘው፣ ስለዚህ የማይዝግ አይደለም» የሚል ገዢ ብዙ ነው። ይህ ምንም አያሳይም። ለቢላ የሚሆነው የማይዝግ ብረት ራሱ ማግኔት ይስባል፤ የቪክቶሪኖክስም ይስባል። ይልቅ ስለቱን ከፍታችሁ ጫፉን በሁለት ጣት ያዙና ግራና ቀኝ ግፉት፤ ከተወዛወዘ በቃ። ከዚያ ዝጉትና ወደ ብርሃን አንሱት፤ በብረቶቹ መደራረብ መካከል ብርሃን ካሳየ ሞላውም ሆነ ልባጩ (በመካከል ያለው ስስ ብረት) በልኩ አልተሠራም። ቀጥሎ በቀዩ ፕላስቲክ ላይ ያለውን መስቀልና ጋሻ በጥፍር ፋቁት። የኦርጅናሉ ስፓርታን ምልክት ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው፤ የፎርጅዱ ቀለም ስለሆነ ይነሳል። በስለቱ ሥር የአምራቹ ስም ከሌለ፣ ወይም ስሙ አንዲት ፊደል ቢጎድለው፣ መከራከር አያስፈልግም።

የፎርጅድ ጉዳቱ ገንዘብ ማባከን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ አንድ ካርቶን ሳይቆርጥ ይዶለዱማል፤ የዶለዶመ ቢላ ኃይል ይጠይቃል፤ ሞላው ደካማ ነውና በኃይል ሲገፋ ስለቱ ጣት ላይ ይታጠፋል። ሸንኮራ ሲላጥም ጣት በዚህ መንገድ ሊቆረጥ ይችላል።

አሁን ወደ ኦፒኔል። ጠቅላላው አምስት ነገር ነው፤ ስለት፣ እጀታ፣ ሪቬት (ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው ሚስማር)፣ ቋሚ ቀለበትና የሚዞር መቆለፊያ ቀለበት። የሚበላሸውም እነዚሁ ስለሆኑ ጥገናው የታወቀ ነው።

ትልቁ ችግር ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እጀታው እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ስለቱን ነክሶ አልከፍት ይላል። በጥፍር መታገል ጥፍር ይሰብራል። ቀለበቱን ወደ ክፍት ቦታው አዙሩ፣ ሰንጢውን ጨብጡ፣ የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፤ ስለቱ ራሱ ብቅ ይላል። የፈረንሳይ ሳቮይ ሰዎች የድሮ ዘዴ ነው። ለዘለቄታው ግን ሰንጢውን ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ማስጣት እንጨቱን ይሰነጥቃል። ከደረቀ በኋላ 120 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት በአሮጌ የሞባይል ካርድ ላይ ጠቅልላችሁ የእጀታውን ስንጥቅ ውስጡን፣ በተለይ ሪቬቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ፣ በትንሽ በትንሹ ፋቁ። በየአሥር ምልልሱ ከፍታችሁ ዝጉና ሞክሩ፤ አብዝቶ የፋቀ ሰው በበጋ የሚወዛወዝ ስለት ያተርፋል።

ከዚያ ዘይት ይቀባል፣ እዚህ ላይ አገራችን ታድላለች። ለእንጨት የሚሆነው የተልባ ዘይት ነው፤ በአየር ይደርቃል፣ እንጨቱ ላይም ይጠነክራል። ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን መጥረግ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ሦስት ጊዜ መድገም። የኑግ ዘይት ይቅርባችሁ፤ በደንብ ሳይደርቅ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨመደደ ጨርቅም በራሱ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት።

ቀለበቱ ከላላ አውጥታችሁ በፒንሳ በጥቂቱ ጠበብ አድርጉት፤ ከጠበቀ በቀጭን ካቻቪቴ ክፍተቱን ሰፋ አድርጉት። ስለቱ ጎን ለጎን ከተወዛወዘ የሪቬቱን አንድ ጎን ጠንካራ ብረት ላይ አሳርፋችሁ ሌላውን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት።

ካርቦን ብረት ይዝጋል የሚለው ፍርሃት ልክ ነው፣ ግን ተጋኗል። ቁርጥ ሥጋ ሰማያዊ፣ ሎሚና ሽንኩርት ግራጫ ቀለም ይተዉበታል። ይህ ዝገት አይደለም፤ ብረቱን ከዝገት የሚከላከል ሽፋን ነው። አትፋቁት። የሚያሰጋው ቀይ ዝገት ነው፤ እሱም የሚመጣው እንጀራ ወይም አዋዜ የነካውን ስለት ሳይጠርጉ ከመዝጋት ነው። መጥረግ፣ ማድረቅ፣ በሳምንት አንዴ ከፋርማሲ የሚገዛ የሚጠጣ ፓራፊን አንድ ጠብታ መቀባት ይበቃል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ምግብ ለሚቆርጥ ቢላ አይሆንም። ይህንን ሁሉ ማድረግ የማይፈልግ ሰው ኢኖክስ የሚል የተመታበትን የማይዝገውን ይግዛ፤ የስሉ ጥራት ትንሽ ይቀንሳል፣ ሰንጢው ግን ያው ነው።

ሁለቱንም ሰንጢ አንድ ነገር ይገድላቸዋል፤ በየሰፈሩ እየዞረ ቢላ የሚስለው ሰው ተሽከርካሪ ድንጋይ። ለወጥ ቤት ወፍራም ቢላ ይሆን ይሆናል፤ የኦፒኔል ስለት ግን ስስ ስለሆነ ወዲያው ይግላል። አፉ ሰማያዊ ሆኖ ከተመለሰ ጥንካሬው ሄዷል፤ ያንን ክፍል በእጅ ሞርዶ እስከመጨረስ ሌላ መፍትሔ የለውም። ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ባለ ሁለት ገጽ መሳያ ድንጋይ ግዙ፤ አርጥቡት፤ የስለቱን ጀርባ ከድንጋዩ 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በእያንዳንዱ ጎን እኩል ሳሉ። በሳምንቱ መካከል ለማደስ የተገለበጠ የቡና ሲኒ ይበቃል፤ ቂጡ ላይ ያለው ያልተለበጠ ሻካራ ቀለበት ጥሩ መሳያ ነው።

ቪክቶሪኖክስ የሚበልጠው የት ነው? ካቻቪቴ፣ መክፈቻና ወስፌ በየቀኑ ለሚፈልግ ሰው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛና ለቢሮ ሰው እሱ ይሻላል። ሲደነቃቀፍ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከፈት ዘጋ አድርጎ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ አንድ ጠብታ ዘይት መጨመር ነው። ቀዩ ፕላስቲክ አሴቶን ሲነካው ይሟሟል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታስጠጉበት። ግን ሞላው ቢሰበር ወይም ስለቱ ቢሸረፍ ሰንጢው በሪቬት የታሰረ ስለሆነ እዚህ የሚፈታው የለም። አምራቹ ለአሠራር ጉድለት ዋስትና ይሰጣል፤ ወደዚያ ለመላክ የምትከፍሉት ግን የአዲስ ኦፒኔል ዋጋ ሊደርስ ይችላል።

ለሰብሳቢዎች ትንሽ ልጨምር። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ መፍቻዎች መካከል አንዳንዴ ጥሩ ነገር ይገኛል። በኦፒኔል ቀለበቱን እዩ፤ መቆለፊያው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፣ ስለቱ ሲዘጋም እንዲቆልፍ የተደረገው በ2000። ክፍቱን ብቻ የሚቆልፍ ከሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ብርማ የአሉሚኒየም እጀታ ያለው የስዊስ ወታደር ሰንጢ ካገኛችሁ ደግሞ ስለቱ ሥር የተመቱትን ሁለት አኃዞች አንብቡ፤ የተሠራበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 2008 ድረስ። ስለቱ በተሽከርካሪ ድንጋይ ካልጠበበ የአዲስ ፓዮኒርን ዋጋ ቢጠራባችሁ አይቆጫችሁም፤ የጠበበ ከሆነ ሩቡንም አያወጣም።

መያዝን በተመለከተ ቁርጡ ይህ ነው። በከተማችን ሰንጢ የሚለው ቃል የጸብ ሽታ አለው፤ ጥበቃም እንደዚያው ያየዋል። ባንክ፣ ሆቴል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ሳትፈተሹ በፊት ራሳችሁ አውጡና ስጡ፤ ሲገኝባችሁና ሲሰጥ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእንጨቱ እጀታ ከጥቁር ባለ ሞላ ሰንጢ በእጅጉ ያነሰ ጥርጣሬ ያስነሳል። ስታዲየም ስትገቡና መስከረም 16 ለደመራ መስቀል አደባባይ ስትወጡ ግን ቤት ትታችሁት ውጡ፤ እዚያ የተወሰደ አይመለስም።