ዶፕልቦክ ወይስ በርሜል የገባ ቦክ? ዩሮአችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ገና ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ስማ፣ ጠንከር ያለ የጀርመን ቢራ ለስጦታ ልገዛ ነው። ያንን ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ በነበረበት በርሜል ውስጥ የቆየውን ቦክ ልውሰድ ወይስ ዝም ብዬ ዶፕልቦክ?» ጠያቂው ሱቅ ውስጥ መደርደሪያው ፊት ቆሟል፤ መልሴም አጭር ነው። ዶፕልቦኩን ግዛ። ለማያውቅ፣ ቦክ ጠንካራ የጀርመን ላገር ነው፤ ላገር ማለት እርሾው በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚሠራበት ቢራ ነው። ዶፕልቦክ ደግሞ ከቦክም ወፈር ያለው ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን የስልክ ወሬ አይበቃም። እዚህ ልጻፈውና እንገላገል።

ከዋጋው እንጀምር፤ ዋናው እሱ ስለሆነ። እኔ በምኖርበት በኑርንበርግ መጠጥ መሸጫዎች ግማሽ ሊትር ዶፕልቦክ ከ1 ዩሮ ከ30 እስከ 2 ዩሮ ባለው ይገኛል። የፓውላነር ሳልቫቶር፣ የአንዴክስ ገዳም ዶፕልቦክ፣ የቫይንሽቴፋን ኮርቢኒያን፣ የአይንገር ሴሌብራቶር፣ ሁሉም እዚያው ገደማ ናቸው። በርሜል የገባው ደግሞ ትንሿ የ0.33 ጠርሙስ ከ6 እስከ 9 ዩሮ፣ የ0.75ቱ ከ15 እስከ 25 ዩሮ ነው።

ጠርሙስን ከጠርሙስ ጋር አታወዳድሩ፤ ትሸወዳላችሁ። ጀርመን ውስጥ ሱቅ የሊትሩን ዋጋ የመጻፍ ግዴታ አለበት። ከትልቁ ዋጋ ሥር በደቃቅ ፊደል ታገኙታላችሁ። 1 ዩሮ ከ50 የሚሸጠው ግማሽ ሊትር በሊትር 3 ዩሮ ይመጣል። በ8 ዩሮ የምትሸጠው 0.33 በሊትር 24 ዩሮ ከምናምን ናት። ስምንት እጥፍ!

«አልኮሉ ይበልጣል እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ እናስላው። ሳልቫቶር 7.9 በመቶ ነው። ግማሽ ሊትሩ ውስጥ 39 ሚሊ ሊትር ተኩል ንጹህ አልኮል አለ። 11 በመቶ የሆነ የበርሜል ቦክ በ0.33 ጠርሙሱ የሚይዘው 36 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስምንት ዩሮ ከፍላችሁ ያነሰ ጠጣችሁ ማለት ነው። ፕፋንዱም አለ፤ ጠርሙሱን ስትመልሱ የሚመለስላችሁ መያዣ ማለት ነው። ዶፕልቦኩ ተመላሽ ጠርሙስ ስለሆነ የሚያዝባችሁ 8 ሳንቲም ብቻ ነው። ሙሉ ሳጥን ከ20 ጠርሙሱ ጋር 3 ዩሮ ከ10። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያገለግል ጠርሙስ ግን 25 ሳንቲም ነው። ትንሽ ገንዘብ ትመስላለች፤ እኔ ግን እቆጥራታለሁ።

ውድነቱ ያለምክንያት ነው አልልም። የአሜሪካ ሕግ ቡርቦን ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል እንዲቆይ ያዛል። ስለዚህ ያገለገለው በርሜል ይሸጣል። 200 ሊትር ገደማ የሚይዘው ይህ በርሜል ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመጣል፣ ቢራው ለወራት ቦታ ይዞ ይቀመጣል፣ ከፊሉ በእንጨቱ በኩል ይተናል፣ የተበላሸው ይደፋል። ያን ሁሉ ወጪ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። የኔ ቅሬታ ከፍላችሁ ስለምታገኙት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚመጣው። በርሜል የገባ ቦክ አሁንም የጀርመን ላገር ነው? ሕጉን ብትጠይቁ አዎ ሊላችሁ ይችላል። አንድ ቢራ ቦክ ለመባል ጥንስሱ ከመፍላቱ በፊት ቢያንስ 16 በመቶ ከብቅል የወጣ ስኳርና ሌላ ሙሙት ሊኖረው ይገባል። ለዶፕልቦክ የተለመደው ከ18 ጀምሮ ነው። ይህ የሚለካው በርሜሉ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ የኋላው ታሪክ ቁጥሩን አይለውጠውም። ዳኞቹን ብትጠይቁ ግን መልሱ ሌላ ነው። ቢ.ጄ.ሲ.ፒ. የተባለው የአሜሪካ የቢራ ዳኞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2021 ባወጣው መመሪያ ዶፕልቦክን 9ኤ፣ በማቀዝቀዝ የሚወፍረውን አይስቦክን 9ቢ ብሎ መድቧል። ውስኪ ወይም ወይን ይዞ በነበረ በርሜል ውስጥ የቆየውን ግን 33ቢ ውስጥ ነው የከተተው፤ መነሻው ምንም ይሁን ምን። እኔም ከዳኞቹ ጋር ነኝ።

ሻጮች ሁሌ የሚያመጧት አንዲት መከራከሪያ አለች። «ጀርመኖች ድሮም በእንጨት በርሜል ነበር የሚያስቀምጡት» ይላሉ። እውነት ነው። የማይነግሯችሁ ግን በርሜሉ ውስጡ በቅጥራን ይለቀለቅ እንደነበር ነው። ቅጥራኑ የሚቀባው ቢራው እንጨቱን እንዳይነካ፣ የእንጨት ጣዕም እንዳይዝ ነው። የድሮ ጠማቂ ቢራው ቫኒላ ቫኒላ ቢሸተው ደንግጦ ይደፋው ነበር። ዛሬም የሙኒኩ አውጉስቲነር በኦክቶበርፌስት ከ200 ሊትር የእንጨት በርሜል ይቀዳል፤ ቀምሳችሁ ግን እንጨት አታገኙበትም። እና ያ ባህል ለዛሬው የቡርቦን በርሜል ምስክር ሊሆን አይችልም።

የቦክ ታሪክም ወደዚያ አይወስድም። መነሻው በሰሜን ያለችው የአይንቤክ ከተማ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙኒክ ገባ። ከዚያ የፓውላነር መነኮሳት ለዐቢይ ጾም ወፈር ያለውን አወጡ። ምግብ ሲከለከል ቢራው እንዲያበረታ ነበር ሐሳቡ። ለጾም ተብሎ የተጠመቀ መሆኑ ብቻ ከእኛ ሰው ጋር ያግባባዋል። ታዲያ ይህ ቢራ ሁለነገሩ ብቅል ነው። እርሾው በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ከዚያ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይተኛል። የሚገኘው ንጹህ፣ የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት የሚሸት ቢራ ነው።

ይህ ንጽሕና ነው በርሜል ውስጥ ጉድ የሚሆነው። እንጨት ሙሉ በሙሉ አይጸዳም። ብሬታኖማይሲስ የሚባለው የዱር እርሾና አኮምጣጭ ባክቴሪያዎች ቀዳዳው ውስጥ ይደበቃሉ። አየርም ቀስ እያለ ይገባል። ኢምፔሪያል ስታውት የሚባለው ጠንካራ ጥቁር ቢራ ሲሆን ያረረው ብቅል ብዙ ነውር ይሸፍናል። ዶፕልቦክ መሸፈኛ የለውም። እንደ ጌሾ መራራ የሚያደርገው ሆፑም ትንሽ ነው። ትንሽ ኮምጠጥ ካለ ወዲያው ይታወቃል።

ባለፈው ዓመት ለቤት እንግዳ ብዬ በ19 ዩሮ የገዛሁት የ0.75 ጠርሙስ ሲከፈት ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የቀረው ኮምጣጤ ነበር። እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይሸታል። መልሼ ወሰድኩት። ሻጩ አሽትቶ «ጣዕሙ እንዲህ ነው፣ ውስብስብ ነው» አለኝ። ይህቺን «ውስብስብ» የምትባል ነገር ተጠንቀቁ። ዶፕልቦክ ሲበላሽ ተበላሸ ይባላል፤ ገንዘባችሁም ይመለሳል። በርሜል የገባው ሲበላሽ ጥበብ ይሆናል። በ19 ዩሮ 12 ዶፕልቦክ ከፕፋንዱ ጋር ገዝቼ ሳንቲም ይተርፈኝ ነበር።

አስመሳዮቹም በዝተዋል። መለያው ላይ «ኦክ» ብቻ ካለ ጠርጥሩ። ቢራውን ብረት ታንክ ውስጥ አድርገው የኦክ ስንጣሪ የሚነክሩበት አሉ፤ ርካሽ ነው፣ ይፈጥናል፣ ዋጋው ግን የበርሜሉን ያህል ይጠየቃል። ጣዕሙ እንደ አናጢ ቤት ነው። «ፎም ፋስ» የሚለውም በርሜል ማለት አይደለም፤ ከድራፍት የተቀዳ ማለት ነው። የምትፈልጉት «ሆልትስፋስ» የሚለውን ነው። ደህናው ጠማቂ የምን በርሜል እንደነበር፣ ስንት ወር እንደቆየና መቼ እንደታሸገ ይጽፋል። ካልጻፈ መልሳችሁ አስቀምጡት።

«የጀርመን ላገር» እየተባሉ ለሚሸጡም አትሸነፉ። የሽናይደር አቬንቲኑስ ከ1907 ጀምሮ ያለ ግሩም ቢራ ነው። ግን የስንዴ ቢራ ነው፣ እርሾውም የላገር እርሾ አይደለም። እሱን በርሜል ቢከቱት ባይከቱት ላገርነቱ ላይ ጥያቄ አይነሣም፤ ቀድሞም ላገር አልነበረም። 14 በመቶው ሳሚክላውስ ደግሞ ላገር ነው፤ የሚጠመቀው ግን ኦስትሪያ ነው።

አይስቦክን በአጭሩ። ቢራው ይቀዘቅዝና በረዶ የሆነው ውኃ ይወጣል፤ የቀረው ይወፍራል። የኩልምባኽ አይስቦክ 9.2 በመቶ ነው። ወፍራምና ጠንካራ ለሚፈልግ ከበርሜሉ በፊት ይህን እመክራለሁ። ጀርመንነቱም አያከራክርም።

እንጨት የግድ ይሸተኝ ለሚል ሰው ደግሞ አንድ መድኃኒት አለኝ። የባምበርጉ ሽሌንከርላ «አይኸ» የሚባል 8 በመቶ ዶፕልቦክ አለው። በሌላ ጊዜ ብቅላቸውን በቢች እንጨት ጭስ ነው የሚያደርቁት። ለዚህ ግን ኦክ ያነዳሉ። በርሜል የለ፣ ውስኪ የለ። እንጨቱ የሚገባው በጭሱ በኩል ነው፤ ልክ እናቶቻችን የጠላውን ጋን በወይራ እንደሚያጥኑት። ጭሱ ለስላሳ ነው፤ ብቅሉም ከፊት እንደቆመ ይቀራል። ለእኛ አፍ ከቡርቦኑ ይልቅ ይህ ይቀርባል ባይ ነኝ። ዋጋውም በግማሽ ሊትር 3 ዩሮ አካባቢ ነው። የሚወጣው ለገና ሰሞን ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ፈልጉት፤ ከኑርንበርግ ባምበርግ በባቡር ቅርብ ነው።

ውስኪ ለሚወድ አማት የሚገዛስ? ሰውየው ውስኪ ከወደደ ውስኪ ግዙለት። በ25 ዩሮ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ደህና ቡርቦንና ሦስት ዶፕልቦክ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ፌስታሉም ይከብዳል፣ ያምራል።

ይህን ሁሉ አንብባችሁም የበርሜሉን የምትገዙ ከሆነ ትንሿን ግዙ። የወይን በርሜል ከቡርቦኑ ይሻላል፤ ብቅሉን አይውጠውም። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጥቂት አቆዩት፣ በትንሽ ብርጭቆ ለአራት ተካፈሉት። ዶፕልቦኩን በሳጥን ለመግዛት ግን ከፋሲካቸው በኋላ ጠብቁ። የጠንካራ ቢራው ሰሞን ሲያልፍ ሱቆቹ ማራገፍ ይጀምራሉ፤ እኔ ሰፈር በ99 ሳንቲም የወጣበት ጊዜ አለ። የማብቂያ ቀኑን ብቻ እዩ።