ለደም ሥር መርማሪዋ ሲስተር ምስጋና፣ ስቴንት ለሚጠብቁም ጥቆማ

ስቴንት (የጠበበን የልብ ደም ቅዳ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ገብቶለት በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስ ታማሚ የሚያመሰግነው ብዙውን ጊዜ የልብ ሐኪሞቹን ነው። ይገባቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ያለ መርፌና ያለ ቀዶ ጥገና የእጁንና የእግሩን ደም ቅዳዎች ለክተው፣ ስቴንቱን ወደ ልብ የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ በየት በኩል ቢገባ እንደሚሻልና የት ላይ አደጋ እንዳለ የሚያሳየውን ወረቀት የሚያዘጋጁ ሲስተር አሉ። እኛ ያንን ወረቀት ተቀብለን ካት ላብ (ስቴንት የሚገባበት ክፍል) ውስጥ የምንሠራ ነን። ሳይፈቅዱልን ስማቸውን አንጽፍም። ሥራቸውን ግን በዝርዝር እንጽፋለን፤ ስቴንት የሚጠብቅ ሰው የትም ይታከም የት እንዲህ የሚሠራ መርማሪ እንዲያገኝ እንፈልጋለንና።

የልብን ደም ቅዳ የሚያጠበው ስብና ካልሲየም ልብ ላይ ብቻ አይቆምም። እግሩ ላይ ጥበት የተገኘበት ሰው ልቡና አንገቱ ላይም ተመሳሳይ ችግር የመኖሩ ዕድል ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የ16 ጥናቶች ጥምር ትንተና፣ የቁርጭምጭሚትና የክንድ ግፊት ንጽጽራቸው 0.90 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰዎች በ10 ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በዚያው የልብ ሕመም አደጋ ደረጃ ውስጥ ካሉት አማካይ በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ለእኛ ደግሞ ሌላም ትርጉም አለው፤ በእጅ በኩል መግባት ካልተቻለና ወደ ጭን መዞር ካለብን፣ የጠበበው እግር የትኛው እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ እንፈልጋለን።

ይህ ንጽጽር ቀላል ይመስላል። በትክክል የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። ሲስተር ታማሚውን በጀርባው አስተኝተው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያሳርፉታል። እግሩ ላይ ጥበት ያለበት ሰው ደረጃ ወጥቶ እንደመጣ ቢለካ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ወርዶ፣ የክንዱ ወጥቶ ስለሚገኝ ቁጥሩ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ጋቢ ያለብሱታል፤ ብርድ የእግርን ትንንሽ ደም ቅዳዎች ስለሚያኮማትር የዶፕለሩ (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማው መሣሪያ) ድምፅ ይደክማል። «አባባ፣ አሁን አይናገሩ፣ እግርዎንም አያንቀሳቅሱ» ሲሉም ድምፃቸው እንደ ልጅ ነው፤ ታማሚው ሳይደናገጥ ይታዘዛቸዋል።

ከዚያ ካፉ፣ ማለትም ግፊት ለመለካት የሚታሰረውና በአየር የሚነፋው መጠቅለያ ነው። የአየር ከረጢቱ ስፋት ከሚታሰረው ክንድ ወይም እግር ዙሪያ ቢያንስ 40 በመቶ መሆን አለበት፤ ዙሪያው 25 ሴንቲሜትር ለሆነ ቁርጭምጭሚት 10 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የጠበበ ካፍ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ የታመመውን እግር ጤነኛ ያስመስለዋል። የካፉ የታች ጠርዝ ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጄል ተቀብቶ፣ ከ8 እስከ 10 ሜጋኸርዝ የሆነው ዶፕለር ከቆዳው ጋር ከ45 እስከ 60 ዲግሪ አዘንብሎ ይያዛል። ድምፁ ከጠፋበት 20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ይነፋና በዝግታ ይለቀቃል፤ ድምፁ መጀመሪያ ሲመለስ የታየው ቁጥር ግፊቱ ነው። በየእግሩ ሁለት ቦታ ይለካል፤ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላና በእግር ጀርባ ላይ። ክንዶቹም ሁለቱም በዚያው ዶፕለር ይለካሉ። በቀኝ ክንድ ጀምረው በግራ ክንድ ይጨርሱና ቀኙን ይደግሙታል። የመጀመሪያው ከድጋሚው ከ10 በላይ ከተለየ የመጀመሪያውን ይሰርዙታል፤ ሰው መጀመሪያ ሲለካ ደንግጦ ግፊቱ ሊወጣ ይችላልና።

ሒሳቡ ላይም ስሕተት ይበዛል። የሚካፈለው ከሁለቱ የእግር ልኬቶች ከፍተኛው ሲሆን፣ የሚካፈልበትም ከሁለቱ ክንዶች ከፍተኛው ነው። ከፍተኛው ክንድ 140 ሆኖ፣ የቀኝ እግር ልኬቶች 118 እና 110 ቢሆኑ ውጤቱ 118 ለ140 ሲካፈል 0.84 ነው፤ ይህ የታመመ እግር ነው። ከ1.00 እስከ 1.40 ደህና ነው፣ ከ0.91 እስከ 0.99 ድንበር ላይ ነው። ከ1.40 በላይ ሲሆን ግን ማንም «በጣም ጥሩ ነው» እንዳይል! በስኳርና በኩላሊት ታማሚዎች ላይ የደም ቅዳው ግድግዳ ካልሲየም ጠጥቶ ስለሚጠነክር ካፉ ሊጨፈልቀው አይችልም፤ ቁጥሩ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ሲስተር እዚህ ላይ አያቆሙም። የእግር አውራ ጣት ደም ቅዳ እንዲህ ያለ ጥንካሬ ብዙም ስለማይዘው ትንሹን ካፍ ጣቱ ላይ አስረው ይለካሉ፤ ከክንዱ ጋር ሲነጻጸር 0.70 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጥበት አለ።

በሁለቱ ክንዶች መካከል የ15 እና ከዚያ በላይ ልዩነት ሲያዩ በቀይ ይጽፉልናል። ግፊቱ ባነሰበት ወገን፣ ለክንዱ ደም የሚያደርሰው ትልቁ ቧንቧ ከአንገት ሥር ጠቦ ሊሆን ይችላል። የግራው ከሆነ ለቀዶ ሐኪሞችም ጉዳይ ነው፤ ስቴንት የማይበቃው ሰው ባይፓስ (የጠበበውን የልብ ቧንቧ አልፎ ለደም ሌላ መንገድ የሚከፍት ቀዶ ጥገና) ሲሠራለት የሚወሰደው የደረት ደም ቅዳ የሚነሳው ከዚያው ቧንቧ ነውና። የሁለቱም ክንዶች ቧንቧ ሲጠብ ደግሞ የእግሩ ንጽጽር በሐሰት ደህና ይመስላል። የሁለቱም እጆቿ ምት የደከመ ወጣት ሴት ስትመጣ ሲስተር ቁጥሩን ብቻ ጽፈው አይልኩም፤ የደም ቅዳ ግድግዳ ብግነት እንዲታሰብ ደውለው ይነግሩናል።

የእጅ አንጓ ምርመራቸው ለእኛ የዕለት እንጀራ ነው። በአውራ ጣት በኩል ባለው ደም ቅዳ መግባት በጭን ከመግባት ያነሰ መድማት ያመጣል፤ ቧንቧው ግን ቀጭን ነው። በተለምዶ የምንጠቀመው 6 ፍሬንች (ፍሬንች የቱቦ ውፍረት መለኪያ ነው) ማስገቢያ የውጭ ስፋቱ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሲስተር በአልትራሳውንድ የቧንቧውን የውስጥ ስፋት 1.8 ሚሊሜትር ብለው ከጻፉልን ቀጠን ያለውን እናዘጋጃለን፤ ያለዚያ ቧንቧው ይኮማተርና ቱቦውን ይዞ ያስቸግራል፣ በኋላም ሊዘጋ ይችላል። ፕሮቡን (ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ) ተጭኖ የሚለካ መርማሪ ቧንቧውን ስለሚጨፈልቀው የተሳሳተ ስፋት ይጽፋል፤ የሳቸው እጅ ግን ቀላል ነው። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ደም ቅዳ መዳፉን ለብቻው መመገብ መቻሉንም ይፈትሻሉ። የኦክስጅን መለኪያውን አውራ ጣት ላይ አድርገው የአውራ ጣቱን ወገን ደም ቅዳ ይጫናሉ፤ ሞገዱ ካልተለወጠ ኤ፣ ካነሰ ቢ፣ ጠፍቶ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ ሲ፣ ካልተመለሰ ዲ ይባላል። ብዙ ማዕከላት ዛሬ በዚህ ፈተና ብቻ የእጅን መንገድ አይከለክሉም፤ ለአንድ ታማሚ የትኛው እጅ እንደሚሻል ለመምረጥ ግን እንጠቀምበታለን።

አልፎ አልፎ ለጥናት ሲጠየቁ የደም ቅዳውን የውስጥ ሽፋን ጤንነት የሚያሳየውን ምርመራ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከለንደን የወጣ ዘዴ ነው። ክንድ ላይ ካፍ ታስሮ ከላይኛው ግፊት ቢያንስ 50 በላይ ለ5 ደቂቃ ይያዛል፤ ሲለቀቅ የሚጎርፈው ደም ሽፋኑን ቀስቅሶ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲወጣ ስለሚያደርግ ጤነኛ ቧንቧ ይሰፋል። 4 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ 5 በመቶ ሰፋ ማለት 0.2 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የመርማሪው እጅ ትንሽ ቢንሸራተት፣ ታማሚው ቡና ጠጥቶ፣ ጫት ቅሞ ወይም ሲጋራ አጭሶ ቢመጣ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ስቴንት ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን በዚህ ምርመራ የሚወስን ሐኪም የለም፤ እንደዚያ ብሎ ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ካለ አትቀበሉት።

አንድ ነገር በጥብቅ እንናገር። የደረት ሕመሙ አጣዳፊ የሆነበት ሰው ከእነዚህ ምርመራዎች አንዱንም አይጠብቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ምርመራዎቹ ሁሉ በቀጠሮ የተያዘለትን ሕክምና ለሚጠብቅ ሰው ናቸው። የልብን ቧንቧ በቀለም የሚያሳየውን ምርመራም አይተኩም።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን። በተለይ ሳይሰሙ የሰሙ ሳይመስሉ፣ «በዚህ እግር ድምፅ አልተገኘም» ብለው በግልጽ ስለሚጽፉልን።

ለምርመራ የምትሄዱ፦ ከምርመራው በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ አታጭሱ፣ ቡናውን ከምርመራው በኋላ አድርጉት፣ እስከ ጉልበት በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሱ። የኩላሊት እጥበት መርፌ የሚገባበት ክንድ፣ ጡት የተወገደበት ወገን፣ በቅርብ የረጋ ደም የተገኘበት ወይም ቧንቧው የተጠገነ እግር ካለ ካፍ ከመታሰሩ በፊት ተናገሩ። መድኃኒታችሁን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ፤ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ። ስትወጡ የሁለቱም ክንዶችና የአራቱም የእግር ልኬቶች በየራሳቸው የተጻፉበትን ወረቀት ጠይቁ። «ደህና ነው» ብቻ የሚል ወረቀት ካት ላብ ውስጥ አይጠቅመንም።