«የድብርት መብራት» ብለው የቲክቶክ መብራት ሸጡልኝ

ጎንደር ያላችሁ ወገኖቼ፣ «የክረምት ድብርት ማከሚያ» የሚባል መብራት ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ ተጠንቀቁ። እኔ 7,500 ብሬን ተበልቻለሁ።

ሐምሌን ታውቁታላችሁ። ሰማዩ አይገለጥ፣ ልብስ አይደርቅ። ከአልጋ መነሳት ከብዶኝ ሰነበተ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ስገባ ሻጩ «ፈረንጆቹ የሚታከሙበት ነው፣ 10,000 ሉክስ» አለኝ። ሉክስ የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው። ካርቶኑም ላይ ተጽፏል። ገዛሁ።

የእህቴ ልጅ ገና ሲያየው ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቲክቶክ መብራት ነው!» ክቡ መሃል ላይ ስልክ የሚታሰርበትን ብሎን አሳየኝ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ሲልጠው፣ ከሥሩ ስልክ ይዛ የምትስቅ ልጅ ብቅ አለች።

በስልኬ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫንኩ። ክንድ ያህል ርቄ ስለካው 400 ሉክስ እንኳን አልሞላም። ደመናው እንደተጫነ በረንዳ ወጣሁ፤ ከ9,000 በላይ! የስልክ መለኪያ እንደ ሚዛን አይታመንም፣ ግን ይሄን ያህል አይሳሳትም።

በብርሃን መታከም ራሱ ውሸት አይደለም። የአእምሮ ሐኪሙ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስለ ወቅታዊ ድብርት (በየዓመቱ በአንድ ወቅት እየተመላለሰ ስለሚመጣ ድብርት) ከጻፉ ወዲህ ሐኪሞች ያዝዙታል። ታካሚዎቹ ጠዋት ጠዋት 30 ደቂቃ ያህል መብራቱ ፊት ይቀመጣሉ። ደህናው መብራት ሰፊ ነው፣ አልትራቫዮሌቱ የተጣራ ነው፣ 10,000 ሉክሱ በስንት ሳንቲሜትር ርቀት እንደሚገኝም ተጽፎበታል። ርቀቱ ከሌለ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ ብርሃኑ በጣም ይሳሳል።

የሸወደኝ ግን «ክረምት» የሚለው ቃል ነው። የፈረንጅ ክረምት የእኛ ታኅሣሥ ነው። ኦስሎ (ኖርዌይ) ያኔ የቀኑ ርዝመት 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ መብራቱም የታሰበው ለእንዲህ ያለ የብርሃን እጥረት ነው። የጎንደር አጭሩ ቀን ርዝመቱ ከ11 ሰዓት በላይ ነው፣ እሱም በጠራራው በጋ! በሐምሌ ቀኑ እንዲያውም ይረዝማል።

ድብርቱ 2 ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። በተለይ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው እውነተኛውንም መብራት ያለ ሐኪም አይሞክር፤ ስሜቱን ከልክ በላይ ሊያንረው ይችላል።

ልመልስ ስሄድ ሻጩ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 እንኳ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይፈቅዳል። በምን ላስረዳ? «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 500 ብር እቀንሳለሁ» ሲለኝ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ።